የሚበር ዐይን፦ አናሎግና ዲጂታል ሥዕል በኤፍፒቪ በረራ

በኤፍፒቪ ድሮን የሚበር ሰው፣ ማለት በመሣሪያው ግንባር ላይ የተተከለችው ካሜራ የምታየውን ሁሉ በዐይኑ ላይ ባሰረው መነጽር ውስጥ እያየ የሚነዳ አብራሪ፣ መሣሪያውን ራሱን አያይም፤ ዛፉን፣ የኤሌክትሪክ ሽቦውን፣ የሕንፃውን ማእዘንና የሚመለስበትን መንገድ የሚያውቀው በአየር ተጉዞ በሚደርሰው ሥዕል ብቻ ነው። ሥዕሉ የጠፋ እንደ ሆነ፣ ሞተሮቹ ደኅና ቢሆኑ፣ ባትሪውም ሙሉ ቢሆን፣ የመቈጣጠሪያው ሬዲዮ እንኳ ያለ እንከን ቢሠራ፣ አብራሪው በዚያች ቅጽበት ዕውር ነው። እንግዲህ ሥዕሉ በምን መንገድ ይተላለፍ የሚለው ጥያቄ የምቾት ወይም የጌጥ ጥያቄ አይደለም፤ የበረራው ሕልውና የሚቆምበት መሠረት ነው።

መንገዶቹ በመሠረቱ ሁለት ናቸው። አንደኛው ከጥንቱ ቴሌቪዥን የተወረሰው አናሎግ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሥዕሉን ወደ ቍጥር ለውጦና አምቆ የሚልከው ዲጂታል ነው። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በሁለቱ ደጋፊዎች መካከል የተነሣው ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም፤ ዳሩ ግን ክርክሩ ብዙ ጊዜ የየትኛው ሥዕል ይጠራል በሚለው ላይ ስለሚያተኵር፣ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ጥያቄ ይዞ መሟገት ይሆናል። የዲጂታሉ ሥዕል ይጠራል፤ ይህን የሚክድ የለም። ለአብራሪው ከዚህ ይልቅ የሚከብደው ነገር እያንዳንዱ ዘዴ ዐቅሙ ሲያልቅ የሚያሳየው ጠባይ ነው፤ እንዴት እንደሚዳከም፣ መዳከሙን እንዴት እንደሚያስታውቅና ለማምለጥ ምን ያህል ጊዜ እንደሚሰጥ። ይህ ሐተታ ሁለቱን የሚመረምረው በዚሁ ሚዛን ነው።

አናሎጉ ረጅም የዘር ሐረግ አለው። ከካሜራዋ የሚወጣው ሥዕል፣ አሜሪካ በ1941 ለጥቍርና ነጭ፣ በ1953 ደግሞ ለቀለም ባጸደቀችው በኤንቲኤስሲ ሥርዓት፣ አለዚያም ጀርመናዊው ቫልተር ብሩኅ በቴሌፉንከን ኩባንያ ውስጥ ደክሞ በ1963 ባሳየው በፓል ሥርዓት የተሰናዳ ነው፤ የመጀመሪያው ሥዕሉን በ525 መሥመሮች ሸንሽኖ በሰከንድ 30 ጊዜ ያህል፣ ሁለተኛው በ625 መሥመሮች ሸንሽኖ 25 ጊዜ ያሳያል። ሥዕሉ የሚጫንበት ሞገድ ደግሞ ኤድዊን አርምስትሮንግ በ1933 የፈጠራ መብት ያገኘበትና የሬዲዮ አድማጭ ሁሉ በስሙ የሚያውቀው ኤፍ ኤም ነው። ልዩነቱ ድግግሞሹ ወደ 5.8 ጊጋኸርዝ አካባቢ ከፍ ማለቱ፣ የሞገዱም ርዝመት ወደ 5 ሴንቲሜትር ማነሱ ብቻ ነው፤ አንቴናው ከአውራ ጣት የማይበልጠው ስለዚህ ነው።

የዚህ አሮጌ ሥርዓት ዋና ምሥጢር ምንም ነገር አለማጠራቀሙ ነው። ካሜራዋ አንዱን መሥመር ስታነብ፣ የብርሃኑ ደማቅነትና ድብዛዜ ወደ ኤሌክትሪክ ከፍታና ዝቅታ ተለውጦ ወዲያውኑ ሞገዱ ላይ ይሳፈራል፤ መቀበያውም እንደ ደረሰው ለማያው ያስረክባል። በመካከል የሚያሰላ፣ የሚመዝን፣ ይህ ይለፍ ያ ይቅር የሚል አካል የለም። አየሩ ውስጥ የገባው ሁሉ፣ ደጉም ክፉውም፣ በአብራሪው ዐይን ፊት ይወጣል።

አንድ አብራሪ በኮንክሪት ሕንፃ ዙሪያ ሲዞር የሚሆነውን በቅርብ እንመልከት። መሣሪያው ፊት ለፊት ሳለ ሥዕሉ ንጹሕ ነው። ወደ ማእዘኑ ሲጠጋ ነጫጭ ነጥቦች እዚህም እዚያም ብልጭ ይላሉ፤ ማእዘኑን ሲያልፍ ነጥቦቹ ተያይዘው አግድም ሰረዞች ይሆናሉ። ቀጥሎ ቀለሙ ይሸሻል፤ የቀለሙ ምልክት ከደማቅነቱ ምልክት ይልቅ ደካማና ስስ ስለ ሆነ ቀድሞ ይሞታልና፣ አረንጓዴው ሣር ግራጫ ይሆናል። ከዚያም ሥዕሉ መሥመሩን ስቶ ይንጋደዳል፣ አንዳንዴም ወደ ላይ ይንሸራተታል። ይህ ሁሉ ሲሆን ግን የሕንፃው ጥላ፣ የሰማዩና የምድሩ ድንበር፣ መስኮት መሆኑ የሚታወቅ አንድ አራት ማእዘን በእነዚህ ነጥቦችና ሰረዞች በረዶ ውስጥ እንደ ተሳለ ይቈያል፤ የሰው ዐይንም በተፈጥሮው ጐደሎውን የመሙላት ጸጋ ስላለው፣ አብራሪው በዚህ ፍርስራሽ ሥዕል ተመርቶ መሣሪያውን ከፍ አድርጎ ወደ ብርሃን ይመለሳል። የድሮውን ቴሌቪዥን አንቴና ጣራ ላይ ወጥቶ ያዞረ ሰው ይህን ዐይነት ሥዕል ያውቀዋል። ጋዟ ያለቀባት ኩራዝ ቀስ እያለች እንደምትደበዝዝና የቤቱ ሰው ጨለማው ሳይመጣ መኝታውን እንደሚያዘጋጅ፣ አናሎግም መክሰሙን አስቀድሞ ይናገራል።

የአናሎግ ጠላት ርቀት ብቻ አይደለም። ከግድግዳ፣ ከመኪና ጣራና ከእርጥብ መሬት ገጭቶ የሚመለሰው ሞገድ ከዋናው ሞገድ ጥቂት ዘግይቶ ሲደርስ ሁለቱ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። የአንቴና ሠሪዎች ለዚህ ያገኙት መድኃኒት እጅግ ብልኅነት ያለበት ነው፤ ሞገዱን እየተሽከረከረ እንዲጓዝ ያደርጉታል፣ አንድ ጊዜ ገጭቶ የተመለሰ ሞገድ ደግሞ መሽከርከሪያው ከቀኝ ወደ ግራ ይገለበጣልና፣ ቀኙን ብቻ እንዲሰማ የተሠራ መቀበያ ግልባጩን ከሞላ ጐደል ችላ ይለዋል። በሁለት አንቴና የሚያዳምጥና በየቅጽበቱ የተሻለውን የሚመርጥ መቀበያም ተጨምሮበታል። ኀይል መጨመር ግን የሚታሰበውን ያህል አይጠቅምም፤ የማሠራጫው ኀይል አራት እጥፍ ቢደረግ ርቀቱ የሚያድገው ሁለት እጥፍ ብቻ ነው፣ እሱም አየሩ ባዶ ሲሆን።

ወደ ዲጂታሉ ስንመጣ አስቀድሞ የሚያስደንቀን የሥራው ክብደት ነው። ወርዱ 1280፣ ቁመቱ 720 ነጥብ የሆነ ሥዕል በሰከንድ 120 ጊዜ ሲነሣ፣ ለእያንዳንዱ ነጥብ 12 ቢት ብንመድብ፣ በሰከንድ ወደ 1,327 ሜጋቢት ይሆናል። የቻይናው ዲጄአይ በ2019 ባወጣው የኤፍፒቪ ሥርዓት ውስጥ ግን ሬዲዮው ቢበዛ የሚሸከመው 50 ሜጋቢት ነው፤ ይህም ማለት ከሃያ ስድስት እጅ አንዱን እጅ ብቻ ልኮ ሙሉውን ማሳየት ያስፈልጋል። ይህ የሚሆነው አሁን የተነሣውን ሥዕል ቀድሞ ከተነሣው ጋር እያስተያዩ የተለወጠውን ብቻ በመላክ ነው። ሰማዩ አልተለወጠምና አይላክም፤ ግድግዳው ትንሽ ወደ ግራ ተንቀሳቅሷልና መንቀሳቀሱ ብቻ ይነገራል። ነፋስ በሚያወዛውዘው ሣር ወይም በቅጠል ጥቅጥቅ ባለ ዱር ውስጥ በፍጥነት ሲበሩ ግን ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ስለሚለወጥ፣ ሬዲዮው ጤነኛ ሆኖ ሳለ እንኳ ሥዕሉ ይቀባባል፤ በዲጂታል የበረሩ ሰዎች ቅጠሉ ጭቃ መሰለ የሚሉት ይህንኑ ነው።

ክሎድ ሻነን በ1948 ባወጣው ዝነኛ ድርሳን እንዳስረዳው፣ እያንዳንዱ የመገናኛ መንገድ የሚችለው የመሸከም ልክ አለው፤ ከልኩ በታች እስከ ሆነ ድረስ ስሕተትን በጥበብ እያረሙ መልእክቱን እንከን የለሽ አድርጎ ማድረስ ይቻላል፣ ልኩ ሲታለፍ ግን ጥበቡ ሁሉ ይከሽፋል። የዲጂታል ውበትም አደጋም ከዚህ ከአንዱ ሕግ ይመነጫሉ። ማረሚያው እስከ ሠራ ድረስ በ100 ሜትር ያለው ሥዕልና በ2 ኪሎ ሜትር ያለው ሥዕል አንድ ነው፤ ማረሚያው ሲሸነፍ ግን መጀመሪያ አራት ማእዘን የሆኑ ቍርጥራጮች ይታያሉ፣ ወዲያውም ሥዕሉ ባለበት ደርቆ ይቀራል። በአብራሪው ፊት የቀረው የመጨረሻው ደኅና ሥዕል ነው፤ የጠራ፣ ቀለሙ የተዋበ፣ ዳሩ ግን ያለፈ። መሣሪያው ግን ጉዞውን አላቆመም፤ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚበር ድሮን በአንድ ሰከንድ ወደ 28 ሜትር ይጓዛል፣ በዚያች ሰከንድ ውስጥ አብራሪው የሚያየው የሌለ ዓለም ነው።

ለዲጂታሉ ሠሪዎች ፍትሕ ለመስጠት ያህል፣ ይህን ጉድለት ያለ መፍትሔ አልተዉትም። ሬዲዮው ሲደክም ሥዕሉ በአንድ ጊዜ እንዳይቆረጥ መጠኑን ደረጃ በደረጃ ይቀንሳሉ፤ ዲጄአይም የሥዕሉን ዳር ዳር አደብዝዞ መካከሉን ብቻ ጥርት አድርጎ የሚያቆይ ዘዴ ጨምሮበታል፤ በመነጽሩ ጥግ ላይም በሰከንድ የሚደርሰው የሜጋቢት መጠንና የመዘግየቱ ልክ በቍጥር ይታያል። ብርቱ አብራሪ እነዚህን ቍጥሮች ማንበብ ይለምዳል። ነገር ግን በዛፍ መካከል እየተሽሎከሎኩ በጥግ ያለ ቍጥር ማንበብና የሥዕሉ መታመም በራሱ ዐይን ውስጥ ሲገባ ማየት እኩል አይደሉም፤ አንዱ ማንበብን ይጠይቃል፣ ሌላው ሳይጠራ ይመጣል። የዲጂታል ሥርዓት ድካሙን በሥዕሉ ገጽ ላይ እንዲገልጥ ሆኖ ቢሠራ፣ ከነጥብ ብዛት በላይ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

በሌላ በኩል ዲጂታል ለደኅንነት የሚሰጠው አንድ ታላቅ ነገር አለ፤ ቀጭን ነገር ያሳያል። በአናሎግ ሥዕል የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ቅጠል የሌለው ቅርንጫፍ፣ የአጥር ክር ከበረዶው ጋር ተቀላቅሎ ሳይታይ ይቀራል፤ ከሩቅ የታየው ምሰሶ ሽቦ እንዳለ ያስጠረጥራል እንጂ ሽቦው ራሱ የሚታየው ሊገጩት ሲሉ ነው። በዲጂታል ሽቦው በጊዜ ይታያል። ለሠርግ፣ ለማስታወቂያ ወይም ለፊልም ሥራ ከሰውና ከንብረት አጠገብ የሚበሩ ሰዎች ከ2019 በኋላ በብዛት ወደ ዲጂታል መሻገራቸው የሚያስወቅሳቸው አይደለም። እርግጥ ዲጄአይ የመጀመሪያው አልነበረም፤ የእስራኤሉ አሚሞን በ2016 ኮኔክስ ፕሮሳይት የተባለውን ሥርዓት ለኤፍፒቪ አውጥቶ ነበር፣ ዳሩ ግን ብዙ ተከታይ አላገኘም። የዲጄአይ ሥርዓት በሐምሌ 2019 ሲወጣ ግን 720 መሥመር፣ በሰከንድ 120 ሥዕልና ከ28 ሚሊሰከንድ ጀምሮ ያለ መዘግየት ይዞ ስለ መጣ ገበያው ተናወጠ። በ2022 የካድክስ ዎክስኔል አቫታር፣ በዚያው ዓመት መገባደጃ የዲጄአይ ኦ3፣ በ2025 መባቻም ኦ4 ተከተሉ፤ የሥዕሉ ቁመት ወደ 1080 አደገ፣ ኩባንያው የሚያስታውቀው መዘግየትም በተሻለው መሣሪያ ወደ 15 ሚሊሰከንድ ወረደ።

መዘግየት የሚባለው ብርሃን የካሜራዋን መስተዋት ከነካበት እስከ አብራሪው ዐይን እስከሚደርስበት ያለው ጊዜ ነው። ሞገዱ ራሱ አይዘገይም፤ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ የሚፈጅበት የአንድ ሰከንድ ሦስት ሚሊዮንኛ ያህል ነው። የሚዘገየው ማመቁ፣ መፍታቱ፣ ማረሙና ማሳየቱ ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 28 ሚሊሰከንድ ማለት 78 ሴንቲሜትር ነው፤ የውድድር በር ወርዱ ብዙውን ጊዜ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ብቻ መሆኑን ስናስብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም ሰው ቋሚ የሆነን መዘግየት ይለምደዋል፤ ጣቱ ሳያውቀው ቀድሞ መታዘዝ ይጀምራል። የማይለመደው ተለዋዋጩ ነው። በአንዱ ማእዘን 28፣ በሚቀጥለው 45፣ ከዚያ ተመልሶ 30 ሚሊሰከንድ የሚሆን መዘግየት ልምድን ያፈርሳል፤ አብራሪው ስሕተቱ የእጁ ይሁን የሥዕሉ መለየት ይሳነዋል።

ውድድሩ ከአናሎግ ጋር ረጅም ጊዜ የቈየው ከዚህ የተነሣ ነው፤ በመጋቢት 2016 በዱባይ በተደረገው ታላቅ ውድድር የ15 ዓመት እንግሊዛዊ ልጅ 250,000 ዶላር ለቡድኑ ሲያሸንፍ፣ የዘመኑ እሽቅድምድም ሁሉ ማለት ይቻላል በአናሎግ ነበር። ሌላም ምክንያት አለ። ሬስባንድ የሚባለው ክፍፍል ከ5658 እስከ 5917 ሜጋኸርዝ ባለው ውስጥ 8 ቻናሎችን በ37 ሜጋኸርዝ አራርቆ ስለ ደረደረ፣ ብዙ አብራሪዎች በ25 ሚሊዋት ብቻ እያሠራጩ አብረው ይበራሉ። አንዱ ሳይጠነቀቅ በሌላው ቻናል ላይ ማሠራጫውን ቢከፍት ግን በኤፍ ኤም ጠባይ ብርቱው ደካማውን ይውጠዋልና፣ በአየር ላይ ያለው ባልንጀራው ወዲያው ይወድቃል፤ ስለዚህ በየሜዳው ባትሪ ከመሰካት በፊት ቻናል ጠይቆ የማስታወቅ ሥርዓት ጸንቷል። ይህ ሥርዓት ከደንብነቱ ይልቅ የወንድማማችነት ምልክት ሆኖ ይታየኛል። በዚያው ሜዳ የማንኛውም ኩባንያ መነጽር ያለው ሰው የሌላውን ቻናል መርጦ ጓደኛው የሚያየውን ያያል፤ ተማሪ ከመምህሩ ጋር ይበራል። በዲጂታል ይህ ቢቻልም የሚቻለው በአንዱ ኩባንያ አጥር ውስጥ ብቻ ነው፤ የዲጄአይ መነጽር የካድክስን፣ የካድክስም የዲጄአይን የዛሬ ሥርዓት አይቀበልም።

በሁለቱ መካከል የቆመ ሦስተኛ መንገድ አለ፤ እኔ ከሁሉ ይልቅ የማከብረው ይህን ነው። ዲቪማዝ የተባለው ኩባንያ ሠርቶት በ2020 በፋት ሻርክ ስም የወጣውና ኋላ ኤችዲዜሮ የተባለው ሥርዓት ዲጂታል ሬዲዮ ነው፤ ሥዕሉን ከቀድሞው ሥዕል ጋር እያስተያየ የሚያምቀውን ዘዴ ግን ትቶታል። መሥመሮቹን ሳያጠራቅም እንደ መጡ ይልካል፣ ከመነጽሩ መልስ አይጠብቅም፣ ጠፍቶ የቀረውን ድገምልኝ የሚል የለም። ከዚህም የተነሣ መዘግየቱ አነስተኛና ቋሚ ነው፤ ሲደክምም አይደርቅም፣ ነጥብ ነጥብ እየሆነ እንደ አናሎግ ይበላሻል። ሥዕሉ ከዲጄአይ ሥዕል ጋር ሲወዳደር ያንሳል፤ በርቀትም አይደርስበትም፤ ነገር ግን አናሎግ የነበረው ቅንነት ከአሮጌው ቴሌቪዥን ጋር የተወለደ ብቻ እንዳልነበረ፣ ሠሪው ከፈለገ በአዲሱ ጥበብ ውስጥም ሊተከል እንደሚችል በተግባር ያስረዳል። ተወዳዳሪዎችም በዚህ ምክንያት ወደ እሱ መሳብ ጀምረዋል።

ስለ ዋጋና ክብደት ብዙ መናገር አያስፈልግም። የአናሎግ ማሠራጫ ጥቂት ግራም ይመዝናል፣ ዋጋውም ከዲጂታሉ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ዝቅ ያለ ነው፤ ከሞተር እስከ ሞተር 65 ሚሊሜትር የሆኑትና በሳሎን ውስጥ የሚበሩት ንኡሳን ድሮኖች ለብዙ ዓመታት የኖሩት በእሱ ነው። የኦ4 አነስተኛው ክፍል ወደ 8 ግራም ስለ ወረደ ይህም ድንበር ዛሬ እየተሸረሸረ ነው። ገና የሚማር፣ በየዕለቱ የሚወድቅ ሰው ግን ወድቆ ቢሰበር ብዙ የማያስለቅሰውን መሣሪያ ይያዝ እላለሁ።

ይህን ጥያቄ የዩክሬን ጦርነት ከመዝናኛ ሜዳ አውጥቶ ወደ ሞትና ሕይወት አደባባይ አምጥቶታል። ሁለቱም ወገኖች በብዛት የሠሯቸው የኤፍፒቪ ድሮኖች በአብዛኛው አናሎግ ናቸው፤ ምክንያቱ ርካሽነቱ፣ ክፍሎቹ በየትም መገኘታቸውና ሥዕሉ ተቀዳዶም ቢሆን እስከ መጨረሻው መታየቱ ነው። ዳሩ ግን በሜዳ ላይ እንደ በጎነት ያነሣሁት ግልጽነት በዚህ ተገላቢጦሽ ሆነ፤ አናሎግ ምንም መቆለፊያ የለውምና፣ ጠላት ተመሳሳይ መቀበያ ይዞ ድሮኑ የሚያየውን ያያል፣ ወደ የትኛው ምሽግ እንደሚመጣም አስቀድሞ ያውቃል። ዲጂታሉ የተቆለፈ ነው፤ ነገር ግን ዋጋው ይከብዳል፣ በማፈኛ ጩኸት ውስጥም እንደ ተባለው በድንገት ይደርቃል። በአፈናው ብርታት ምክንያት ማሠራጫዎቹ ከ5.8 ጊጋኸርዝ ወደ 1.2፣ ወደ 3.3ና ወደ ሌሎችም ሸሹ፤ በመጨረሻም በ2024 ሬዲዮውን ጨርሶ የተዉ፣ ከኋላቸው የፀጉር ያህል የቀጠነ የመስተዋት ክር እየፈቱ የሚበሩ ድሮኖች በብዛት ታዩ። በክሩ ውስጥ የሚመጣውን ሥዕል ማፈን አይቻልም፤ የጠራም ነው። ለሰው ልጅ ዐይን ክንፍ እንዲሆን የተደከመበት ጥበብ በዚህ መንገድ መፈተኑ የሚያሳዝነኝ ቢሆንም፣ ፈተናው ስለ ሁለቱም ዘዴዎች የገለጠውን እውነት ማለፍ አይገባም።

አናሎግ ይጠፋል ወይስ ይኖራል ብሎ ለሚጠይቅ ሰው፣ መልሱ ከአብራሪዎች ምርጫ ይልቅ በፋብሪካዎች ደጃፍ ያለ ይመስለኛል። የኤፍፒቪ አናሎግ የራሱ ፋብሪካ ኖሮት አያውቅም፤ ሲጀምር በባንክና በሱቅ ጣራ ላይ ለሚሰቀሉ የጥበቃ ካሜራዎች ከተሠሩ ክፍሎች ተለቅሞ የተገጣጠመ ነው። አብራሪዎች በፀሐይ ግባት ጊዜ ብርሃንና ጥላን አቻችሎ ስለሚያሳይ የሚወዱትን ሲሲዲ የተባለውን የካሜራ ዐይን፣ ሶኒ ማምረቱን እንደሚያቆም በ2015 ሲያስታውቅ ማንም አላማከራቸውም፤ ሠሪዎቹም ሲሞስ ወደ ተባለው ዐይን ለመዞር ተገደዱ። አብዛኞቹ ማሠራጫዎች ዛሬም የቆሙት የታይዋኑ ሪችዌቭ በሚሠራት አርቲሲ6705 በምትባል አንዲት ቺፕ ላይ ነው። የጥበቃ ካሜራው ዓለም ደግሞ ራሱ ወደ ዲጂታል እየተሻገረ ስለ ሆነ፣ የዚህ ዐይነቱ ክፍል ፈላጊ በየዓመቱ ያንሳል። እንደ ኤችዲዜሮ ያለ ቅን ሥርዓት ዋጋው ወርዶ፣ አሠራሩም ለሌሎች ሠሪዎች ክፍት ሆኖ ክፍሎቹ ጨርሰው ሳይጠፉ ቢደርስ፣ አናሎጉን የሚተካው ሥዕሉ ስለ ጠራ ብቻ የተመረጠ ሥርዓት አይሆንም።